ሲያረጁ የሽቦ መኪና ይዋጁ

(ጎንደር ውስጥ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ፤ እናቶች፣ አባቶች፣ ልጆችም።

አዘጋጆቹ የጋበዙኝ ስለ ትርፍ ጊዜ አጠቃቀም እንድናገር ነበር። ርዕሱን ስሰማው እኔኑ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። አስፈቅጄ ቀየርኩት። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሽቦ መኪና ነው። ልጅ ሆኜ ሠርቼው፣ ለረጅም ዘመን ትቼው፣ ከመምህርነት ጡረታ ስወጣ ተመልሼ የገባሁበት ነገር ነው። ሰፈሩን አስቆብኛል። ባለቤቴን ደግሞ የሳሎን ጠረጴዛዋን አሳጥቷታል።

መጀመሪያ የምለውን ልበልና ወደ ዝርዝሩ እንሄዳለን። እኛ ልጆች ሆነን የሠራነው የሽቦ መኪና ሞዴል ነው፤ እውነተኛውን መኪና በልኩ አሳንሶ የሚያሳይ ማለቴ ነው። ጃፓንና እንግሊዝ አገር በካርቶን እየታሸገ የሚሸጠው፣ ትልልቅ ሰዎች መነጽር አድርገው ሌሊት የሚያመሹበት ዓይነት ሞዴል። ማንም እንደዚያ ብሎ ስላልጠራልን መጫወቻ ብቻ መሰለን። ስለዚህ በጎልማሳነቱም ሆነ በእርጅናው ወደዚህ ነገር መመለስ የሚፈልግ የጎንደር ሰው፣ ዘመድ ከውጭ ኪት፣ ማለትም በካርቶን ታሽጎ የሚመጣ ተገጣጣሚ ሞዴል፣ እስኪልክለት አይጠብቅ። ሽቦ ይፈልግ።

እኔ ባደግኩበት ጊዜ የመንገዱ ንጉሥ ኤንትሬ ነበር። ወጣቶቹ ላታውቁት ትችላላችሁ፤ አባቶቻችሁን ጠይቁ። ሙሉ ስሙ ፊያት 682 ኤን 3 የሆነ የጣሊያን የጭነት መኪና ነው። ፊያት 682ን ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ያልገባበት አገር የለም ማለት ይቻላል። አፍንጫ የለውም። ጋቢናው ፊት ለፊት ጠፍጣፋ ነው፣ ሞተሩ ጋቢናው ሥር ነው። ሊማሊሞን ጨርሶ በደባርቅ መንገድ ሲመጣ ድምፁ ቀድሞት ከተማ ይገባል። ሹፌሩና ረዳቱ አቧራ ለብሰው ወርደው ሻይ ሲፈልጉ እኛ መኪናው ሥር ነን። ባሌስትራው፣ ጭነቱን የሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ ስንት ድርብ ነው? የኋላ ጎማው ጥንድ ነው ወይስ ነጠላ? ስፖንዳው፣ የጭነቱ ጎን መከለያ፣ በስንት ማጠፊያ ተይዟል? ረዳቱ እስኪያባርረን እንቆጥራለን። ማታ የምንሠራው ያንኑ የቆጠርነውን ነው።

መሪው በየት በኩል ይሁን የሚለው ራሱን የቻለ ጸብ ነበር። የጣሊያን ከባድ መኪኖች መሪያቸውን በቀኝ የማድረግ የቆየ ልማድ ነበራቸው። ምክንያቱ የተራራ መንገድ ነው ይባላል፤ ሹፌሩ የገደሉን ጠርዝ በዓይኑ እንዲያይ። ኢትዮጵያ ደግሞ እስከ እ.ኤ.አ. 1964 ድረስ በግራ ነበር የምትነዳው፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረች። እንግዲህ መንገድ ላይ የቀኝ መሪም የግራ መሪም እያየ ያደገ ልጅ፣ ጓደኛው መሪውን በሌላ በኩል ሲያደርግበት ዝም አይልም። «ያንተ ኤንትሬ አይደለም» ይለዋል። ከዚህ የባሰ ስድብ አልነበረም። ይህን የምነግራችሁ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ስለ መሪ ቦታ የሚደባደብ ልጅ ትክክለኛነት ምን እንደሆነ ገብቶታል ማለት ነው። የሞዴል ሰዎች በየአገሩ የሚደባደቡት በዚሁ ነው።

ሽቦው የሚገኘው ከአጥር፣ ከግንባታ ቦታ፣ ከወዳደቀ ነገር ነው። የአንዱ ጎረቤት አጥር ሽቦ የጎደለ ቀን በየቤቱ ልጅ ይገረፋል፤ ሌባው ማን እንደሆነ መጣራት አያስፈልግም ነበር። ወፍራሙ ለቴላዮ (ለመኪናው አጽም)፣ ቀጭኑ ለማሰሪያ ይሆናል። ጎማው ግን እንደየኑሮው ነው። ያለቀ ነጠላ ጫማ ያገኘ ልጅ ሶሉን በምላጭ በክብ ይቆርጣል፤ ድምፅ የለውም፣ ጭቃ ላይ ይሄዳል፣ ምርጥ ጎማ ነው። የጫማ ቀለም ጣሳ ያገኘ ክዳኑን አንድ፣ ታችኛውን አንድ አድርጎ ከሁለት ጣሳ አራት ጎማ ያወጣል። ምንም ያላገኘ ከቡና ቤት ደጃፍ ቆርኪ ይለቅማል። ጎበዝ የሆነው ሁለት ቆርኪ አፍ ለአፍ ገጥሞ ወፍራም ጎማ ይሠራል።

እዚህ ጎማ ላይ ትንሽ ልቆይባችሁ፤ የሂሳብ መምህር ስለነበርኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

በልጅነቴ ሰፈር አንድ ሕግ ነበር። ትልልቆቹ ልጆች ለትንንሾቹ የሚያስተላልፉት ነው። ጎማህ ቆርኪ ከሆነ መኪናህ አንድ ስንዝር ይሁን። ጎማህ የጫማ ቀለም ጣሳ ከሆነ አንድ ክንድ ይሁን። ከዚያ ካለፈ ያስጠላል፣ ካነሰም ያስጠላል። ለምን ያስጠላል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን ሜትር አውጥቼ ለካሁት።

ቆርኪ ከጥርስ እስከ ጥርስ 32 ሚሊሜትር ነው። የከባድ መኪና ጎማ ከመሬት እስከ አናቱ 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ገደማ ይሆናል። 1,100ን ለ32 አካፍሉ። 34 ከምናምን ይመጣል። እንግዲህ ቆርኪ የገጠመ ልጅ የሠራው መኪና ከእውነተኛው ወደ 35 ጊዜ ያነሰ ነው። 7 ሜትር ርዝመት ያለው መኪና በ35 ሲካፈል 20 ሴንቲ ነው። አንድ ስንዝር! አሁን ወደ ጣሳው እንሂድ። እኔ የለካሁት ትንሹ የጫማ ቀለም ጣሳ 7 ሴንቲ ገደማ ስፋት አለው። 110 ለ7 ወደ 16 ነው። 7 ሜትር በ16 ሲካፈል 44 ሴንቲ። የልጅ ሳይሆን የአዋቂ ክንድ ይሁን እንጂ ክንድ ነው። የሰፈር ልጆች በዓይናቸው ያወጡት ሕግ በካልኩሌተር ልክ ሆኖ ተገኘ። እኔ ስንትና ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ንጽጽርና ወደረኛ ሳስተምር ይህን ምሳሌ አንድም ቀን አላነሳሁትም፤ አሁን የሚያስተምሩ መምህራን እዚህ ስላሉ ውሰዱት፣ በነፃ ነው።

ነገሩ የሚያስገርመው አሁን ነው። አሜሪካ የሚኖር የእህቴ ልጅ በሽቦ መጫወቴን ሰምቶ እውነተኛ ኪት ልላክልህ አለኝ። ታንክ ሊልክ ነበር። ታንክ አይቻለሁ፣ ይበቃኛል አልኩት። ጂፕ ላከልኝ፤ የጃፓኑ ታሚያ የሚሠራት የዊሊስ ጂፕ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 1/35 ይላል፤ ከእውነተኛዋ 35 ጊዜ ያነሰች ማለት ነው። ቁጥሩን ሳየው ቆርኪዬ ትዝ አለኝ።

ይህ 35 ከየት መጣ? 30 ቢሆን፣ 40 ቢሆን ለስሌት አይቀልም ነበር? ታሚያ ሺዙኦካ በምትባል የጃፓን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲቋቋም የእንጨት መሰንጠቂያ ነበር። ቀጥሎ የእንጨት ሞዴል መሥራት ጀመረ። በ1960 ደግሞ የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ሞዴሉን አወጣ፤ ያማቶ የተባለችውን የጦር መርከብ። ጥቂት ቆይቶ ፓንተር የሚባለውን የጀርመን ታንክ ሊሠሩ ተነሱ። ታንኩ በራሱ ሞተር እንዲሄድ ፈለጉ። ሞተርና ባትሪ ድንጋይ ሆዱ ውስጥ መግባት አለበት። ባትሪው ደግሞ አያንስም አይተልቅም፤ ገበያ ላይ ያለው ያው ነው። ስለዚህ ታንኩ ባትሪውን እንዲይዝ አድርገው መጠኑን ወሰኑ። ሲሰላ 1/35 ሆነ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለወታደራዊ ተሽከርካሪ ሞዴል ዋነኛው ስኬል፣ ማለትም የማሳነሻ ልክ፣ እሱ ነው።

እዩት እንግዲህ። የጃፓኑ ፋብሪካ ባትሪ ድንጋይ አስገድዶት፣ የጎንደር ልጅ ቆርኪ አስገድዶት፣ ሁለቱም እዚያው ቁጥር አጠገብ ደረሱ። አጋጣሚ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ግን የአሠራሩ መንገድ አንድ ነው። እጅህ ላይ ያለው ነገር መጠኑን ይወስንልሃል፣ የቀረውን በእሱ ልክ አድርገህ ትሠራለህ።

ጂፗን ሠራኋት። እውነቱን እንነጋገር፣ ደስ ትላለች። ርዝመቷ 9 ሴንቲ ተኩል አካባቢ ነው። የማርሹ ዘንግ ሳይቀር አለ። ማጣበቂያው ራሱ ትምህርት ነው፤ እንደ ሙጫ ላዩ ላይ የሚለጠፍ አይደለም፣ የሁለቱን ፕላስቲክ ፊት አሟሙቶ አንድ ያደርገዋል፤ ሲደርቅ መገጣጠሚያው ይጠፋል። ግን ስጨርስ አንድ ነገር ቅር አለኝ። ማየቱን ሁሉ ሌላ ሰው አይቶልኛል። ጂፗን የለካት፣ የትኛው ይቅር የትኛው ይግባ ብሎ የወሰነው ሺዙኦካ ያለ ሰው ነው። ለእኔ የተረፈኝ ቁጥር እያዩ መግጠም ነው። 14ን ከ15 ጋር።

የኪትን ታሪክ ብታዩት ይሄ አይገርምም። የእንግሊዙ ኤርፊክስ እ.ኤ.አ. በ1939 ሲቋቋም የጎማ አሻንጉሊት ይሠራ ነበር፣ በኋላም የፕላስቲክ ማበጠሪያ። በ1949 ፈርጉሰን የትራክተር ኩባንያ ለሽያጭ ሠራተኞቹ ማሳያ የምትሆን ትንሽ ትራክተር አሠራው። ትራክተሯ በእጅ እየተገጣጠመች ትወጣ ነበር። ወጪ ለመቀነስና ሽያጭ ለማስፋት ኋላ ላይ ሳትገጣጠም፣ ቁርጥራጯ ለሕዝብ ይሸጥ ጀመር። መገጣጠሙ ለገዢው ተተወ ማለት ነው። ሰውም ወደደው! እኔ ነጋዴ ብሆን ይህን ላሰበ ሰውዬ ሐውልት አቆምለት ነበር።

ኪትን እየናቅሁ አይደለም። የሚያገኝ ሰው ይሥራ። ዋጋውን ግን ባለቤቴ እዚህ ስላለች አልነግራችሁም።

ስለ መመለሱ ራሱ ልናገር። አንድ ጡረተኛ ጎንደር ውስጥ የሚጠበቅበት ነገር ይታወቃል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። የእድር ስብሰባ አይቀርም። ከዚያ ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ ስለ ኑሮ ውድነት ያማርራል። እኔ ሦስቱንም አደርጋለሁ። ግን ፌርማታ አጠገብ ካለ ግንባታ ትርፍ ሽቦ ለምኜ ጠቅልዬ ስገባ የታየሁ ቀን ነገር ተበላሸ። «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ተባለ። አንዷ ጎረቤታችንማ ባለቤቴን ለብቻ ጠርታ «ጋሼ ደህና ናቸው?» ብላታለች። ባለቤቴ ምን ብላ እንደመለሰች እስካሁን አልነገረችኝም።

ይሉኝታው ከባድ ነው። አንድ ሰው ጥልፍ ቢጠልፍ፣ ንብ ቢያንብ ማንም አይስቅም፤ ትርፍ አለውና። ትልቅ ሰው ለትርፍ ያልሆነ ነገር በእጁ ሲሠራ ግን ያስደነግጣል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ በረንዳ ላይ ወጥቶ በግልጽ መሥራት። ተደብቀህ ከሠራህ ወሬ ይሆናል። በረንዳ ላይ ከሠራህ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ይመክርሃል፣ ግማሹ ደግሞ ቁጭ ብሎ ፒንሳውን ይቀማሃል። እኔ ቤት እንደዚያ ነው የሆነው። አንድ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር አለ፤ ስሙን አልጠራም፤ እሱ የባሌስትራዬን ድርብ ቆጥሮ «ይሄ ጭነት አይችልም» ብሎ አስፈታኝ።

አካል ግን እንደ ድሮው አይታዘዝም። ከአርባ ዓመት በኋላ የዓይናችን ሌንስ እየጠጠረ ይሄዳል፣ ቅርብ ያለውን ማጥራት ያቅተዋል። ይህ የማንም ነው። የንባብ መነጽር ግድ ነው፤ ደቃቅ ሥራ ሲሆን ደግሞ ሰዓት ጠጋኞች ዓይናቸው ላይ የሚሰኩትን ማጉያ ብታገኙ ተገላገላችሁ። አምፖል ሥር ከመንደፋደፍ ጠዋት ከመስኮት አጠገብ መሥራት ይሻላል። አንገትም አለ። ጠረጴዛው ከፍ ይበል። ይኸው ነው።

በልዋጩ የምታገኙት ነገር አለ፤ ልጅ ሆናችሁ ያልነበራችሁ እውቀት። ምሳሌ ልስጣችሁ። መሪ።

ልጅ ሆነን የፊት አክስሉን በሞላው ነበር የምናዞረው። ረጅሙ የመሪ ሽቦ ከእጃችን ተነስቶ በጋቢናው አልፎ ታች አክስሉ ላይ ይታሰራል፤ ስናዞረው አክስሉ ከነጎማዎቹ ይዞራል። የጋሪ አሠራር ነው። እውነተኛ መኪና እንዲህ አይታጠፍም። እያንዳንዱ የፊት ጎማ የራሱ ማዞሪያ አለው። መኪናው ሲታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ጠበብ ያለ ክብ ይዞራል፣ የውጪኛው ሰፋ ያለ። ሁለቱ እኩል ከታጠፉ አንዱ መሬት እየፋቀ ይሄዳል። መላውን ያገኘው ጌኦርግ ላንከንስፔርገር የተባለ ጀርመናዊ ሠረገላ ሠሪ ነው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1818 ያስመዘገበለት ወኪሉ ሩዶልፍ አከርማን ነበር፤ እስከ ዛሬ አሠራሩ የሚጠራው በአከርማን ስም ነው። ደላላ ሁልጊዜም ያሸንፋል።

ይህን በሽቦ ለመሥራት ተቀመጥኩ። ከወፍራሙ ሽቦ በፒንሳ አፍ ጫፍ ጠባብ ቀለበት ታወጣላችሁ፤ ቀለበቱ የአክስሉ ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቀጭን ሚስማር በቀለበቱ ይገባል፣ ጎማው የሚንጠለጠለው ከሚስማሩ ጋር በታሰረ ጉማጅ ሽቦ ነው። ከዚያው ጉማጅ አንድ አጭር ክንድ ወደ ኋላ ይወጣል። የግራውንና የቀኙን ክንድ አንድ ቀጥ ያለ ሽቦ ያያይዛቸዋል። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፦ ሁለቱ ክንዶች ቀጥ ብለው ወደ ኋላ አይሂዱ፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ይዘንበሉ። በምናብ ብታስረዝሟቸው የኋላ አክስሉ መሃል ላይ መገናኘት አለባቸው። የሚያያይዛቸው ሽቦ ስለዚህ በሁለቱ ሚስማሮች መካከል ካለው ርቀት አጠር ይላል። አጠር ማድረጉን ብትረሱ ይዞራል፣ ግን ይፍቃል። በትክክል ከሠራችሁት መሪውን ስታዞሩ የውስጠኛው ጎማ በዓይን እስኪታይ ድረስ ይበልጥ ይታጠፋል። ሹፌሩ ጓደኛዬ ይህን ሲያይ ዝም ብሎ መሪውን ግራና ቀኝ፣ ግራና ቀኝ ሲያደርግ ቆየ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ስለ ሽቦው ጠባይ ሁለት ነገር ካላወቃችሁ ትበሳጫላችሁ። ሽቦ በታጠፈ ቁጥር ይጠጥራል። ያንኑ ቦታ ወዲያ ወዲህ ብታደርጉት ቀጭ ይላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ አስባችሁ አንድ ጊዜ እጠፉ። በእሳት ቀልቶ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይለሰልሳል። ፌሮ የሚታሰርበት ጥቁር ሽቦ ልፍስፍስ የሆነው ፋብሪካ ውስጥ እንዲህ ስለተደረገ ነው። ነጩን የአጥር ሽቦ ግን እሳት ውስጥ እንዳትከቱ፤ ልጆች ስሙ። የተለበጠው ዚንክ ነው። ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ያማል፤ በያጆች ያውቁታል፣ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል። የተጣመመ ሽቦ ለማቃናት አንዱን ጫፍ ምሰሶ ላይ ማሰር፣ ሌላውን በፒንሳ ይዞ በሙሉ ኪሎ ወደ ኋላ መሳብ ነው። ትንሽ ሲሳብ ይታወቃችኋል፤ ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ስታስሩ ደግሞ ማሰሪያውን ጎን ለጎን አጥብቃችሁ ጠምጥሙ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ቅበሩት። ካልቀበራችሁት ጣት ይቀድዳል። ብየዳ፣ ሙጫ፣ የሬዲዮ ጠጋኝ ካውያ አያስፈልግም። እኔ ካውያ ሞክሬያለሁ፤ መኪናው ያምራል፣ ግን ሲሰበር ሌላ ልጅ ሊጠግነው አይችልም። ማሰሪያ ይሻላል።

ይህን ሥራ የሚያዩ ሰዎች ሁሉ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ አላቸው። «ለምን ፋሲልን አትሠራም?» ጎንደር ሆነህ ሞዴል ትሠራለህ፣ ግን ፋሲል ግንብን አትሠራም፤ ይህ ነውር ነው የሚሉ አሉ።

እሺ፣ እናስላው። የፋሲል ግቢ ዙሪያ አጥር 900 ሜትር ነው። የአውሮፕላን ሞዴል ሠሪዎች የሚወዱት 1/72 የሚባል ስኬል አለ። 900 ለ72 ሲካፈል 12 ሜትር ተኩል። ሳሎኔ አይበቃም፣ ባለቤቴ በሕይወት እያለችም አይሆንም። ስለዚህ አንድ ግንብ ብቻ፣ የአፄ ፋሲልን፣ አነስ አድርጌ በካርቶንና በጄሶ ጀመርኩ። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1636 ተቆረቆረች ይባላል፤ እኔ ደግሞ እድሜዬን ሙሉ በዚያ አጥር ሥር ተመላልሻለሁ። ጃንተከል ዋርካ ሥር ሰው ቀጥሬያለሁ። እና ስንት ማዕዘን ላይ ክብ ማማ አለ ብትሉኝ አራት እላለሁ፤ ይሄን ማንም ያውቃል። ከክቦቹ ከፍ ብሎ የሚወጣው አራት ማዕዘን ማማ በየት በኩል እንደሆነ ግን ሳይሄዱ የሚመልስ ስንት ሰው አለ? በስተደቡብ ምዕራብ ነው። ደግሞ የክቦቹ ማማዎች ጉልላት ግማሽ ኳስ አይደለም። ወደ ላይ ሾጠጥ ያለ እንቁላል ነው። ብርቱካን ግማሹን ቆርጣችሁ ልክ ልትወስዱ ብትሞክሩ ጎንደር አይመስልም፣ ሌላ አገር ይሆናል። ድንጋዩም ባዝልት ነው፣ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም፤ በማስመሪያ መስመር ካሰመራችሁበት ብሎኬት ቤት ይሆንባችኋል።

አጠገቡ ያለው የአፄ ኢያሱ ግንብ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል፤ ጣሊያን ከከተማው ሲወጣ በነበረው ጦርነት ደግሞ የእንግሊዝ ቦምብ ደርሶበታል። ጣራው የለም። ታዲያ ስትሠሩት ሙሉ አድርጋችሁ ነው ወይስ እንደ ፈረሰ? አንዳንዱ ክብሩን መልሱለት ይላል። እኔ እንደ ፈረሰ ነው የምሠራው። ያላየሁትን ጣራ ከራሴ ፈጥሬ ልጅ ፊት ባቀርብ፣ ልጁ እውነት ይመስለዋል።

ግን ልንገራችሁ፣ ልቤ ያለው መኪናው ጋ ነው። ግንብ ይታያል፤ መኪና ይነዳል። ትልቅ ሰው የሠራውን ሞዴል መስታወት ውስጥ ቆልፎ አቧራ ሲያብስ ይኖራል፤ እኔ ይሄ አይጥመኝም። ልጅ ሆነን እስኪሰበር እንነዳው ነበር። ስለዚህ ኤንትሬዬን ይዤ እስከ ሱቅ እወርዳለሁ። አዎ፣ በመንገድ። እየነዳሁ። ዳቦም ይጭናል።

የቅርጽ ሥራ በዚህ አገር በእኛ እንዳልተጀመረ ለመግለጽ ያህል ወለቃን ላንሳ። ከከተማው ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ላይ ነው፤ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ሴቶቹ ከጭቃ ትንንሽ ምስል ሠርተው፣ በእሳት ተኩሰው ይሸጡ ነበር፤ አንበሳ፣ ንግሥት ሳባና ሰሎሞን፣ እንስራ የተሸከመች ሴት። አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ቢሄዱም ሥራው ዛሬም ለጎብኚ ይሸጣል። ከመዳፍ የማይበልጥ ምስል ውስጥ ማን እንደተቀመጠ፣ ማን እንደተሸከመ በአንድ ጣት ጫና ያሳያሉ። የኔ ሽቦ እዚያ አይደርስም።

ወለቃን ሳነሳ ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ «ለምን አትሸጠውም?» ነው። አልሸጥም። የሚሸጥ ሰው ነውር አለበት እያልኩ አይደለም፣ እንጀራ ነው። ግን ሁሉን ነገር ቢዝነስ ማድረግ ያለብን አይመስለኝም። የሸጥኩ ቀን የሚወደደውን እንጂ የምወደውን አልሠራም፤ ገዢው ደግሞ ኤንትሬ አያውቅም፣ ፋሲልን ቀለም ቀብተህ አምጣ ይለኛል።

ወላጆች፣ አንድ ልመና አለኝ። ልጆቻችሁ አሁንም ይሠራሉ። እናንተ ስላላያችሁ እንጂ በየሰፈሩ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ባጃጅ እየቆረጡ፣ የሃይላንድ ክዳን ጎማ እያደረጉ የሚነዱ ልጆች አሉ። ሲሠሩ አግኝታችሁ «ቆይ እኔ ላሳይህ» ብላችሁ አትንጠቁ። የምትችሉ ከሆነ የራሳችሁን ጀሪካን ይዛችሁ አጠገቡ ቁጭ በሉ። ምላጩን ግን ተቆጣጠሩ፤ እሱን አልቀለድኩም።

ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ተማሪ በር ላይ ይዞኝ «መምህር፣ የሃይላንድ ክዳን ከገጠምኩ ባጃጄ ስንት መሆን አለባት?» ብሎኛል። ሁላችሁም ስለሚጠቅማችሁ እዚሁ ልመልስለት። የባጃጅ ጎማ 42 ሴንቲ ገደማ ነው። ክዳኑ 3 ሴንቲ። 14 ጊዜ ይገባል። ባጃጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ከ63 ሴንቲ ናት። በ14 ስታካፍለው 19 ሴንቲ አካባቢ፤ ስንዝርህ ሊሞላ ትንሽ የሚጎድለው። ጋቢናዋን በኋላ ታስባለህ፤ መጀመሪያ ሦስቱን ጎማ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለካ።

ሽቦው፣ ቆርኪውና ክዳኑ እዚያ ጥግ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የፈለጋችሁትን ውሰዱ። ፒንሳዎቹ ግን ከጋራዥ በውሰት የመጡ ናቸው፤ ተቆጥረው ነው የሚመለሱት።